ሳተላይት ሞልቶ አውሮፕላን ምን ይሠራል?

ከባድ ሃሪኬን (ባሕር ላይ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) በተነሳ ቁጥር የማትቀር ጥያቄ አለች። «ሳተላይት ሞልቶ ሰው ምን ቆርጦት እዚያ ውስጥ ገብቶ ይበራል?» ሞኝ ጥያቄ አይደለችም። መልሷን ግን አካፑልኮ ላይ አይተናል።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 2023 ነው (ሌሎቹም ዓመቶች በዚያው ናቸው)። ኦቲስ የተባለው አውሎ ነፋስ ወደዚያች የሜክሲኮ ከተማ ሲጠጋ ትንበያው ያን ያህል አያስፈራም ነበር። በ24ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የአሜሪካ አየር ኃይል ተጠባባቂ ጦር አውሮፕላን ገብቶ ሲለካው ጉድ ፈላ፤ ነፋሱ ከሳተላይቱ ግምት በጣም በልጦ ተገኘ። እኩለ ሌሊት አለፍ እንዳለ በምድብ 5፣ ማለትም በመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ጉልበት ከተማዋን መታት። ከአንድ ቀን በፊት እኮ ገና ሃሪኬን እንኳን አልተባለም ነበር! ለሰው የተረፈው ሰዓት ትንሽ ነው፤ ያቺ በረራ ባትኖር ግን እሱም አይኖርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው የሳተላይት ምስል የሚያሳየን የደመናውን ጣሪያ ነው። በ1970ዎቹ ቨርነን ድቮራክ የተባለ አሜሪካዊ የሜትሮሎጂ ባለሙያ የደመናውን ቅርጽ አይቶ ጉልበቱን የመገመቻ ዘዴ አወጣ፤ ዛሬም ዓለም የሚሠራበት ነው። ጎበዝ ዘዴ ነው፣ ግን ግምት ነው። ደመናውን አልፈው የሚያዩ የማይክሮዌቭ ሳተላይቶችም አሉ። እነሱ ደግሞ ቆመው አይጠብቁም፣ ብቅ ብለው ያልፋሉ።

አውሮፕላኑ ግን የአውሎ ነፋሱን ዓይን (ጸጥ ያለውን መሃሉን) ሰንጥቆ ያልፋል፣ ዞሮ ደግሞ ይመለሳል። እግረ መንገዱን ክንድ የማይሞላ ቱቦ ይጥላል። ቱቦው ትንሽ ጃንጥላውን ዘርግቶ እየወረደ የአየር ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ነፋሱን በየሰከንዱ በሬዲዮ ይልካል፣ ባሕር እስኪገባ ድረስ። ሰው የሚኖረው ታች ስለሆነ የታችኛው ነፋስ ነው ቁም ነገሩ።

ቀልድ ሥራ አይደለም። በ1989 ሂዩጎ በተባለው ሃሪኬን ውስጥ 450 ሜትር ገደማ ላይ ዝቅ ብሎ የገባ የምርምር አውሮፕላን ከአራት ሞተሮቹ አንዱ እሳት ተነስቶበት ጠፋ። ዓይኑ ውስጥ እየዞሩ ከፍታ ሰብስበው በሦስት ሞተር ወጡ። እኔ ብሆን በዚያው ሥራ እለቅ ነበር።

የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ በአብዛኛው ለአሜሪካ ዳርቻ ነው። ምዕራብ ፓሲፊክ ላይ አሜሪካኖቹ መደበኛውን በረራ በ1987 አቆሙ፤ በ2013 ፊሊፒንስን ያወደመው ሃይያን የተባለው አውሎ ነፋስ ጉልበቱ የተገመተው ከሳተላይት ነው። በእኛ በኩል ባለው የሕንድ ውቅያኖስም መደበኛ በረራ የለም። በ2020 ሶማሊያን የመታው ጋቲም እንደዚያው።

«እኛ ባሕር የለንም፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት ሳይክሎኖች (ሃሪኬን በሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚጠራው እንዲህ ነው) የዓረቢያን በረሃ አጠጡት፤ አንበጣው እዚያ ተራባ፣ በየመን ዞሮ ማሳችን ላይ አረፈ። ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ ሲያባርር ያየነው መንጋ መነሻው ይኸው ነው።

በ2025 የአሜሪካ መከላከያ የማይክሮዌቭ ሳተላይቶቹን መረጃ ማጋራት ላቆም ነው አለ። ባለሙያው ሲጮህ ሐሳቡን ቀየረ። ያኔ ክርክሩ ሁሉ ስለ ፍሎሪዳ ነበር፤ ፍሎሪዳ እኮ ቢያንስ አውሮፕላን አላት። ከሁሉ በፊት መጮህ የነበረባቸው የናይሮቢ፣ የሞቃዲሾና የአዲስ አበባ ትንበያ ሰጪዎች ነበሩ።