ሲሮጡ የታጠቁት ገንዳ

ሁለት የማውቃቸው ሰዎች በመዋኛ ገንዳ ጉዳይ ተከራከሩ። ሰውየው ግቢው ውስጥ የፋይበርግላስ ገንዳ ሊያስተክል ነው። ሴትየዋ በግንባታ ሥራ ብዙ የቆየች ናት። ልቤ ገና ከጅምሩ ወደ እሷ አድልቷል፤ አልደብቅም።

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየናል። «ይሄን ሰማያዊ እዩት! ፋብሪካ ውስጥ አልቆ ነው የሚመጣው። በክሬን ይወርዳል፣ ውሃ ይሞላል፣ በቃ፣ መዋኘት ነው። ኮንክሪት እስኪጠነክር 28 ቀን ልጠብቅ?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችው።

ፋይበርግላስን ጠልታ አይደለም። ጥሩነቱንም ቢሆን ከእሱ አሳምራ የነገረችን እሷ ናት። መጀመሪያ ቅርጽ ማውጫው ላይ ጄልኮት የሚባል ሽፋን ይረጫል፤ በላዩ የመስታወት ቃጫና ሬዚን የሚባል ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ ይደራረባል። ጄልኮቱ ልሙጥ ስለሆነ አልጌ፣ ያ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ እንደ ኮንክሪት ልስን አይጣበቅበትም። ልስኑ በየዓመታቱ እድሳት ይፈልጋል፤ ይሄኛው ከዚያ ያሳርፋል።

«ታዲያ ምን ቀረሽ?» አለ፣ ያሸነፈ መስሎት።

«አፈሩ ቀረኝ። በዝናብ ወቅት የከርሰ ምድር ውሃው ግቢህ ውስጥ እስከምን ድረስ ይወጣል?»

አያውቅም። ሻጩ «ችግር የለውም» ብሎታል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የነበረው መልስ ይኸው ነው፦ ሻጩ ችግር የለውም ብሏል።

እሷ ግን አስረዳችው። ባዶ ገንዳ መሬት ውስጥ የተቀበረ ጀልባ ነው። 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነውን ገንዳ የከርሰ ምድር ውሃ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢከበው፣ ከሥር የሚገፋው ኃይል እስከ 32 ቶን ይደርሳል። ገንዳው ራሱ ጥቂት ቶን ቢመዝን ነው። ለማጽዳት ብሎ ውሃውን ያፈሰሰ ሰው ገንዳው ከመሬት ተነስቶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከጎኑ እስከ ሥሩ የሚወርድ ቱቦ ይቀበራል፤ የውሃው ከፍታ በዚያ ይታያል፣ ካስፈለገም በፓምፕ ይወጣል። ዙሪያው ሲሞላም የተቆፈረውን አፈር መልሶ መድፋት አይሆንም። ጠጠር ነው የሚያስፈልገው። ጠጠሩ ከውጭ፣ ውሃው ከውስጥ እኩል እኩል ከፍ ማለት አለባቸው፤ አለበለዚያ ግድግዳው ይጎብጣል።

«ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል» አለ ሰውየው።

«ሲሮጡ የታጠቁት…» ስትል ሳቀባት። የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ክሬኑ በየት እንደሚገባ አላጣራም። ገንዳው አንድ ወጥ ሆኖ በመንገድ ስለሚጓዝ ስፋቱ የተገደበ መሆኑን አልሰማም። ከቅርጽ ማውጫው ከወጣ በኋላ «ትንሽ ይጥለቅልኝ» ማለት እንደማይቻልም አላሰበበትም። ልጆች እያሉት ስለ አጥርና ራሱን ስለሚዘጋ በር አንድ ቃል አላነሳም።

እኔ ብሆን ስለ ቀለም ከመጠየቄ በፊት ሻጩን ስለ ተከላው እጠይቀዋለሁ። ጉድጓዱን ማን ያዘጋጃል? ዙሪያው በምን ይሞላል? ዋስትናው ገንዳውን ብቻ ነው ወይስ ተከላውንም ይሸፍናል? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠኝ አልፈርምም።

የሚያናድደኝ የእሱ ብቻ አይደለም። ዘመኑ እንዲህ ሆኗል። ለሚታየው ነገር ኪሳችን ይፈታል፤ ለሚቀበረው እንከራከራለን። በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ያጌጠ ቤት የዝናብ ውሃ ማስወገጃ የለውም። ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ሽቦ ከተገኘው ሁሉ ርካሹ ነው። መሠረት የሚቆፍረውን ሰው «ቶሎ በል» እንለዋለን፤ ቀለም ቀቢውን ግን ቆመን እናደንቃለን። አዋቂ ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ መሬቱን እንየው» ሲል ሥራ አጓታች ይባላል፤ «ችግር የለውም» የሚለው ደግሞ ሥራውን ይወስዳል። ሴትየዋን ብዙ ቦታ እንዲህ እያሉ ገፍተዋታል፤ ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ማታ ደውለው ይጠሯታል።

ሰውየውም ክርክሩ ሳያልቅ ስልኩ ላይ ሒሳብ ጀመረ። ከጠጠሩ ወጪ ቀንሶ የውሃ ውስጥ መብራት ሊጨምር ነው።