ዕቁቡን ውሃ በላው

ባለፈው ዓመት ዕቁብ ደረሰኝ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዕቁብ የደረሰው ሐበሻ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ወይ መኪና ይቀይራል፣ ወይ አዲስ አበባ ለተጀመረው ቤት ብረት መግዣ ይልካል፣ ወይ ለዘመድ አበድሮ እስከሚቀጥለው ዙር ሲቆጭ ይከርማል። እኔ ሬጉሌተር ገዛሁ።

ሬጉሌተር ማለት ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው አፉ ላይ የሚገጥመው፣ ከጀርባው ካለው ሲሊንደር አየር እየመጠነ የሚያቀብለው ዕቃ ነው። ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ለዋናተኛ እንዲመች አድርገው ሠሩት። ከዚያ ወዲህ የስንቱን ትዳር እንደፈተነ እግዜር ይወቀው። ለባለቤቴ ነገሩን ረጋ ብዬ አስረዳኋት።

"ኦክስጅን ነው?" አለችኝ።

"አይ፣ ተራ አየር ነው። ያው ደጅ ያለው። 21 በመቶው ኦክስጅን፣ የቀረው ናይትሮጅን ምናምን ነው።"

ይሄን መናገር አልነበረብኝም። ትንሽ ዝም አለች።

"ሰው ዕቁብ ሲወጣለት መሬት ይገዛል" አለች። "አንተ አየር ገዛህ።"

እናቴ ያለችው ቢሾፍቱ ነው። ባቦጋያ ሐይቅ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ልጆች ሆነን ተደብቀን እየሄድን ስንዋኝ፣ እርጥብ ፀጉራችን እያሳበቀብን ስንት አለንጋ ቀምሰናል። ደውዬ ስነግራት "ልጄ፣ እዚያ ውሃ ውስጥ ምን ጠፋብህ?" አለችኝ። ምንም እንዳልጠፋብኝ፣ ለመዝናናት እንደሆነ ብነግራት ባሰባት። "ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።

ያልደነገጡት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ባሕር ኃይል ሆነው ምጽዋ ያገለገሉ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠሩኝና የት እንደምጠልቅ ጠየቁኝ። ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ ውስጥ ነው አልኳቸው። ብዙ ቆይተው አዩኝ። "ቀይ ባሕር ደጃችን ሳለ ይሄ ሕዝብ ጉልበቱን እንኳ አላራሰም። አሁን ፈረንጅ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ትገባላችሁ?"

እውነታቸውን ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስ ከእኛ ሰፈር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ የአካባቢው የጠላቂዎች ክበቦች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄዱት ወደ አሮጌ የድንጋይ ማውጫዎች ነው። ቁፋሮው ሲቆም ጉድጓዱን ውሃ ይሞላዋል። ውሃው ደፍራሳ ነው፤ የሚታይ ነገርም የለውም። እንግዲህ የሚታይ ነገር ከሌለ ምን ይደረጋል? አሮጌ ጀልባ፣ አሮጌ አውቶቡስ ተጎትቶ ይመጣና ሆን ተብሎ ይሰምጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የእኔ ሥራ አውቶቡስ መንዳት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አውቶቡስ እነዳለሁ። ቅዳሜ ገንዘብ ከፍዬ፣ ጠልቄ፣ አውቶቡስ አያለሁ። አንድ ቀን ሳላስበው የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስታወቱን ስፈልግ ራሴን አገኘሁት።

ክበቡ ራሱ ማኅበር ነው። ሊቀመንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዋጮ የሚያሳድድ ገንዘብ ያዥ አለው። ልዩነቱ ያረፈደ አይቀጣም። ጥለውት ይገባሉ። በምን ችሎታ ተቀበሉህ ካላችሁ፣ ኮርስ አለው። የመዋኛ ፈተናው 200 ሜትር ነው፤ ሰዓት አይያዝም። ከዚያ 10 ደቂቃ ሳይሰምጡ መንሳፈፍ። ሰዓት የማይያዝበት ፈተና በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ስለነበር በደንብ ተጠቀምኩበት። አስተማሪው መሃል ላይ ቡና ሊጠጣ ሄዶ ተመለሰ። ካለፉ በኋላ እስከ 18 ሜትር ድረስ መጥለቅ የሚያስችል ካርድ ይሰጣል። ከዚያ እያንዳንዱ መጥለቅ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፦ ቀን፣ ደቂቃ፣ ሜትር፣ አብሮ የጠለቀው ሰው ፊርማ። አንዳንዱ ቦታ ማኅተም ሁሉ አለው። ቀበሌ የናፈቀው ሰው ይምጣ።

ስለ አለባበሱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ነሐሴ ነው። ወበቁ ሰው ያቀልጣል። ከላይ ያለው ውሃ ደህና ነው፤ ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲባል ግን ድንገት ቀዝቃዛው ንብርብር ጋ ይደረሳልና 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላስቲክ ልብስ ይለበሳል። ይለበሳል ማለት ቀላል ነው። አንድ እግሬን ለማስገባት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ላስቲኩ ደግሞ ስለሚያንሳፍፍ መስመጥ እንቢ ይላል። ለዚህ ሲባል ወገብ ላይ የእርሳስ ብረት ይታሰራል። እርሳሱ ከመጠን በላይ ስለሚያሰምጥ፣ አየር የሚሞላ ጃኬት ይደረባል። አንዱ ዕቃ ያመጣውን ጣጣ ሌላው ዕቃ ይፈታዋል፤ ለሁሉም ይከፈላል። እንዲህ ያለ አሠራር አገር ቤት በመሥሪያ ቤት ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ደስ ያለኝ ነገር ምራቁ ነው። መነጽሩ ጉም እንዳይዝ ውስጡ እትፍ ተብሎበት ይታሻል። ይሄን ሥርዓት አውቀዋለሁ። አያቴ ስትመርቀኝ እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ግን የመጣው ከ"አዎ" ነው። ሐበሻ እሺ ሲል እንዴት እንደሚል ታውቃላችሁ። ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን ፈጠጥ አድርጎ፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። "እህ!" ስድስት ሜትር ላይ አስተማሪው በጣቶቹ ክብ ሠርቶ ደህና ነህ ወይ አለኝ። በምልክት መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን እንደ አባቶቼ መለስኩለት። ለእኔ "አዎ፣ ደህና ነኝ" ነው። እሱ ያየው ዓይኑ የፈጠጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ሊሞት የደረሰ ሰው ነው። ክንዴን አፈፍ አድርጎ ወደ ላይ ይዞኝ ወጣ። "ምን ሆንክ? ደህና ነህ?" ሲለኝ አሁንም "እህ!" አልኩት። ይሄኔ ሳሩ ላይ አስተኙኝ።

አሁን ምልክቱን ለምጃለሁ፤ አየር መሳቡ ግን አልለቀቀኝም። በዚያ ላይ ጀማሪ ነኝና አየር እፈጃለሁ። 25 ደቂቃ ላይ ሲሊንደሬ ያልቃል። አጣማሪዬ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። በአንድ ሲሊንደር አንድ ሰዓት ይቆያሉ፤ የሚተነፍሱም አይመስሉም። ሕጉ ደግሞ ሁለት ሆኖ የገባ ሁለት ሆኖ ይውጣ ነው። ስለዚህ በእኔ ጦስ ግማሽ ሲሊንደር ይዘው ይወጣሉ። አንድም ቀን ተናግረውኝ አያውቁም። የአየር መለኪያዬን ብቻ ያዩታል፤ ፈተና የወደቀ ተማሪ ወረቀት እንደሚያይ መምህር።

ፍልሰታ ላይ ሁሉም በርገር ሲጠብስ እኔ ሽሮ ይዤ ሄድኩ። ተጋፍተው በሉት። ፊዚክሱ እንዲህ ነው፦ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፣ አየርም በግማሽ ይጨመቃል፤ ወደ ላይ ሲወጣ መልሶ ይነፋል። ለዚህ ነው ሲወጡ ትንፋሽ መያዝ ክልክል የሆነው። ሕጉ ሽሮ በበላ ሰው ላይ እንዴት እንደሚሠራ መጽሐፉ አይልም። እኔም አልልም።

ከዚያ ወሬው ይመጣል። ውሃ ውስጥ ያለ ነገር በሲሶ ገዝፎ ይታያል። ይሄ የብርሃን ሥራ ነው። ከሲሶው በላይ ያለው የተናጋሪው ነው። መዳፍ የምታህል ዓሣ ምሳ ሰዓት ላይ ክንድ ታህላለች። ወሬ ጠፋ ሲባል የዕቃ ማጠብ ነገር ይነሳል። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሄይማርኬት አጠገብ ያለው ሚልብሩክ የሚባለው የድንጋይ ማውጫ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የዜብራ ሙስል የሚባል ወራሪ ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት ተገኝቶ፣ በ2006 ፖታሽ የሚባል ጨው ተጨምሮበት ነው የጠፋው። ስለዚህ ዕቃውን ሳያጥብና ሳያደርቅ ሐይቅ የሚቀይር ሰው በዚህ ክበብ ከሌባ አይሻልም። እኔም የጣናን እምቦጭ አነሳሁላቸው። እጅ ነቅሎት የማይጨርሰው አረም መኖሩ አሳዘናቸው።

ይሄ ሁሉ ወሬ ጊዜ ያገኘው በምን መሰላችሁ? በናይትሮጅን። ጠልቆ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ ናይትሮጅን ስለሚቀር፣ ቀስ ብሎ እስኪቀንስለት አንድ ሰዓት ያህል ደረቅ መሬት ላይ አርፎ ነው መልሶ የሚገባው። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ "አንድ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ምን ትሠራላችሁ?" አለች። ዕቁቡ ያለቀበትን ቦታ በዓይኗ ልትመረምር መስከረም ላይ አብራኝ መጣች። ጀበናዋንና የጋዝ ምድጃዋን ይዛ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ገብቼ ስወጣ ቡናው ተቆልቶ ጢሱ እየዞረላቸው ነበር። ሊቀመንበሩ የላስቲክ ልብሱን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ጢሱን በእጁ ወደ አፍንጫው ይስባል። አቦል ተጠጣ። መምህርቷ ሰዓታቸውን አዩና ገና 20 ደቂቃ እንደሆነ ተናገሩ። ቶና ተጠጣ። ፈንዲሻ መጣ። ሦስተኛው ስሙ በረካ እንደሆነ፣ ሳይጠጡ መነሳት ነውር እንደሆነ ባለቤቴ አስረዳች፤ እኔ አስተረጎምኩ። በረካ ሲያልቅ ሰዓቱ ሞልቷል፤ ናይትሮጅኑም ቀንሷል። ማንም አልተነሳም። ገንዘብ ያዡ ሌላ ጀበና ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ባለቤቴን በሚቀጥለው ወር ትመጣ እንደሆነ ጠየቃት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ የጠለቀ የለም። ማታ ስንመለስ ሁለተኛው ሲሊንደሬ እንደሞላ የመኪናው ኋላ ላይ ይንከባለላል። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችው።

"ያልተነፈሳችሁትን አየር ይመልሱላችኋል?"