ጋቢ ውስጥ የሚያድር ጡጦ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለኮዬ ፈጬ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለቦሌ አራብሳ፣ ለየካ አባዶ ሰው ነው። ከተማው ዳር ወጥተን ቤት ለያዝን ሁሉ። ሕፃን ያለበት ቤት በደንብ ያንብበኝ። የሌለበትም ያንብበኝ፣ ጎረቤቱ አለውና።

የተበጠበጠ ወተት አሙቆ ማሳደር ይቅር።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ የቆርቆሮ ወተቱ ይበጠበጣል። ሌሊት ማን ተነስቶ ውሃ ያፈላል ይባልና ጡጦው በፎጣ ይጠቀለላል። ጋቢ ይደረብበትና ትራስ አጠገብ ይቀመጣል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልጁ ሲያለቅስ ተፈትቶ ይሰጠዋል። እናትየው ስትዳስሰው አሁንም ለብ ያለ ነው። «ተመስገን፣ አልቀዘቀዘም» ትላለች።

ጉዳቱ ግን አለመቀዝቀዙ ነው። ሊጥ ሙቅ ቦታ የምናስቀምጠው ቶሎ እንዲቦካ አይደል? ወተትም ለብ ብሎ 5 ሰዓት ሲቆይ ውስጡ ያለው ጀርም ሲራባ ያድራል። ሽታውም መልኩም ላይቀየር ይችላል። ስለዚህ «አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚባል ነገር የለም። የተበጠበጠ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ልጁ ጀምሮ የተወውም ለቀጣዩ አይቀመጥም፣ ይደፋ። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ የስንቱን ደመወዝ እንደሚበላ አውቃለሁ። ቢሆንም ይደፋ።

«ቆርቆሮው ታሽጎ የመጣ ነው፣ ጀርም ከየት ይገባዋል?» የሚል ብዙ ነው። ዱቄቱ ታሽጎ ቢመጣም ከጀርም ነፃ አይደለም። ሳልሞኔላና ክሮኖባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከፋብሪካው ጀምረው ዱቄቱ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ክሮኖባክተር የሚያመጣው በሽታ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን፣ በተለይ ከ2 ወር በታች በሆነ ወይም ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ፣ ማጅራት ገትር ድረስ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጥበጥ ያለው ለዚህ ነው። ሙቅ ውሃ የሚያስፈልገው ዱቄቱን ለማሟሟት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ጀርም ለመግደልም ነው።

እዚህ ላይ የታሸገ ውሃ የምትጠቀሙትን ልቆጣ። ገንዘብ አውጥታችሁ፣ ለልጃችሁ አስባችሁ ነው የምትገዙት። ግን ሳታፈሉት ዱቄቱን ከጨመራችሁበት ምን ጥቅም አለው? ቀዝቃዛ ውሃ፣ የታሸገም ቢሆን፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን አይገድልም። ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) የጨመራችሁበትም እንደዚያው፣ መፍላት አለበት።

የእኛ ሰፈር ውሃ ደግሞ ይታወቃል። በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ሌሊት ነው። ሮቶ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከሮቶ ወደ ጄሪካን ይገለበጣል፣ ጄሪካኑ በረንዳ ላይ ይሰነብታል። ሮቶው መቼ ታጥቦ እንደሚያውቅ የሕንፃውን ኮሚቴ ጠይቁ፣ መልስ የሚሰጣችሁ ካገኛችሁ። ስለዚህ እናፍላው፣ በደንብ እናፍላው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል። እንፋሎት ስላየን ብቻ ማውረድ የለብንም። ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ ትንሽ አስተንፍሱት፣ ከግማሽ ሰዓት ግን አይለፍ፤ ካለፈ ከ70 በታች ይወርዳል።

መጀመሪያ ውሃው በልኩ ጡጦው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዱቄቱ። ከድናችሁ ትበጠብጣላችሁ። ለማቀዝቀዝ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ውሃው ክዳኑ ጋ ሳይደርስ። የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉና ሞክሩት። አፋችሁ ውስጥ ከትታችሁ አትቅመሱት። ስንት ሰው ነው ጎማውን ራሱ ጠብቶ ለልጁ የሚሰጠው! የትልቅ ሰው አፍ ያለውን ሁሉ ለአንድ ወር ሕፃን ማሻገር ነው። ማይክሮዌቭ ያላችሁም ተዉት። ጡጦው ከውጭ ለብ ብሎ ከውስጥ የልጁን ምላስ የሚልጥ ትኩስ ይኖረዋል።

ለሌሊቱ መፍትሔ አለው። የፈላውን ውሃ ጥሩ ፔርሙዝ ውስጥ አሳድሩት። ዱቄቱን በንጹሕና ደረቅ ዕቃ ለክታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ልጁ ሲነሳ ያኔ ይበጥበጥ። ፔርሙዙ ግን ሙቀት የሚይዝ ይሁን፤ ሌሊት ሲከፈት ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች መውረዱን ከጠረጠራችሁ እንደገና ይፍላ። መብራት ቢጠፋ ቡታጋዝ አለ፣ ከሰል አለ። ሥራ የምትውል እናት ለቀኑ አዘጋጅታ መሄድ ካለባት፣ በጥብጣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ታቀዝቅዘውና ፍሪጅ ውስጥ ታስገባው። ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ሲሰጥ ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ይሙቅ፣ ከ15 ደቂቃ ሳያልፍ። መብራት ጠፍቶ የዋለ ፍሪጅ ግን ቁም ሳጥን ማለት ነው፤ አትመኑት።

አሁን ተነሱና የልጃችሁን ጡጦ አምጡ። ክዳኑን ፍቱት። ጎማውን ከቀለበቱ ውስጥ ገፍታችሁ አውጡት። ቀለበቱ ውስጥ፣ ጥርሱ መሀል፣ ቢጫ የደረቀ ነገር አለ? በጥፍራችሁ ስትፍቁት የኮመጠጠ ይሸታል? ያ የትናንት ወተት ነው፣ ምናልባትም የሳምንቱ። ተፈትቶ በሳሙናና በብሩሽ ያልታሸ ጡጦ አልታጠበም። ጎማውን ገልብጡና እሹት። ከዚያ ሁሉም ክፍል ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቀቀል። ቀዳዳውን በትኩስ መርፌ የምታሰፉም ተዉ፤ ልጁን ያንቀዋል።

ልኬቱን ደግሞ ከቆርቆሮው ውጭ ማንም አይወስን። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ማንኪያ የዚያው ቆርቆሮ ነው። ያለፈው ወር ማንኪያ ለዚህኛው አይሆንም፣ የሻይ ማንኪያማ ጭራሽ። ተቆልሎ አይሰፈር፣ በንጹሕ ቢላ ጀርባ ይስተካከል። እንዲበረክት ብላችሁ የምታቀጥኑት፣ ልጁ ጠግቦ የተኛ ቢመስላችሁም እየተራበ ነው። ውሃ ሲበዛበት ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ልጁ እንዲወፍር ብላችሁ ዱቄት የምታበዙበት ደግሞ ውሃ ታሳጡታላችሁ፣ ኩላሊቱን ታስጨንቁታላችሁ። እማማ፣ ስኳርና ቅቤም ይቅር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጥፋቱ በሠራተኛዋ ላይ ሲደፈደፍ ነው። እናትየዋ ከወሊድ በኋላ 90 ቀኗ አልቆ ሥራ ትገባለች። ልጁ ከገጠር በመጣች በ17 ዓመት ልጅ እጅ ይቀራል። ቆርቆሮው ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ነው፣ ጽሑፉ አረብኛና እንግሊዝኛ። ማን አነበበላት? ማን አብሯት ቆሞ አሳያት? ልጁ ሲታመም ግን «አንቺ ነሽ» ይባላል። ኧረ ነውር ነው! ቅዳሜ አንድ ጠዋት ስጧት። አብራችሁ አፍሉ፣ አብራችሁ ለኩ። በአማርኛ ወይም በምትችለው ቋንቋ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉላት፤ ማንበብ የማትችል ከሆነ ደግማችሁ ደጋግማችሁ አሳዩአት። አባቶችም «ይሄ የሴት ሥራ ነው» አትበሉኝ። ውሃው ሌሊት ሲመጣ መቅዳት፣ ጡጦ መቀቀል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መነሳት ጢም አይከለክልም።

የምታጠባ እናት ካለች ታጥባ፤ እስከ 6 ወር ከጡት የሚበልጥ የለም። ሥራ ገብታም የጡቷን ወተት አልባ ማስቀመጥ ትችላለች። የማትችለውን ግን አትውቀሷት። ጡጦ መቀቀል አስቸጋሪ የሆነበት ቤት ደግሞ በኩባያ ይመግብ። በትንሽ ኩባያ ቀስ ብሎ፣ ልጁን ቀና አድርጎ መስጠት ይቻላል፤ አዲስ የተወለደም ይጠጣል። ኩባያ ደግሞ ጀርም የሚደበቅበት ጥጋጥግ የለውም።

ልጁን ተቅማጥ ከያዘው፣ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው ወይም አልጠባም ካለ ነገ አትበሉ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። በሁለተኛ ቀን ይሻለዋል ብላችሁ ጤና አዳም እያጠጣችሁ አትቆዩ። ቆርቆሮውንና ማንኪያውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እንዴት እንደበጠበጣችሁት ሲጠይቋችሁ እውነቱን ንገሯቸው።