ሳቅ ብቻ አይደለም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ባችለር ማዘር»ን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣውን ፊልም ማለቴ ነው፣ ቀላል ኮሜዲ ብሎ አልፎታል። በዚህ በጭራሽ አልስማማም። ጂንጀር ሮጀርስ የምትጫወታት ፖሊ ኒውዮርክ ውስጥ ትልቅ መደብር ውስጥ መጫወቻ ትሸጣለች። የተቀጠረችው ለገና ሰሞን ብቻ ስለሆነ ተሰናብታለች። ሥራ ፍለጋ ስትሄድ የሕፃናት ማሳደጊያ ደጃፍ ላይ የተተወ ሕፃን ታያለች፣ ከደረጃው እንዳይንከባለል ብላ ብድግ ስታደርገው በሩ ይከፈታል፣ በቃ፣ እናቱ አንቺ ነሽ! አይደለሁም ብትል ማን ይስማት። ሥራዋ የሚመለስላትም ሕፃኑን ከያዘች ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት እውነቱን ብትምልም የማትታመንበትን ሁኔታ እንዲህ አድርጎ ያሳየ የዚያን ዘመን ኮሜዲ እኔ አላየሁም።

ደግሞ ያቺ የምግብ ሰዓት! የመደብሩ ባለቤት ልጅ ዴቪድ፣ ማለትም ዴቪድ ኒቨን፣ ስለ ሕፃን አያያዝ የተጻፈ መጽሐፍ ገልጦ ገንፎውን በጨርቅ አድርገሽ እምብርቱን እሺው ይላታል። ለካስ ገጾቹ ተጣብቀው ነው። ስንቴ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ያስቀኛል።

ዳይሬክተሩ ጋርሰን ካኒን ያኔ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1956 ዴቢ ሬይኖልድስ እየተወነችበት እንደገና ተሠርቷል፣ ግን የመጀመሪያውን አያህልም።

መጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ዴቪድ ላግባሽ ሲላት ልጁ የራሷ እንደሆነ አምኖ ነው። ያንን አምኖም ወደዳት።