ስማችንን እየጠራች የምትጸልይ አያት

እህቴ፣ ስለ አያትሽ የጻፍሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። በተለይ ልጅ የልጅ ልጁን በስም እየጠሩ ይጸልዩ ነበር ያልሽው የእኔዋን አያት ቁጭ አድርጎ አሳየኝ።

የእሷ ጸሎት ረጅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጅ ሆኜ ይሰለቸኝ ነበር፣ ግን ስሜ እስኪጠራ ንቅንቅ አልልም። ቤተሰቡን አኩርፎ የጠፋው አጎታችን እንኳን አይዘለልም፣ እንዲያውም እሱ ጋ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ ይልና ትንሽ ትቆያለች። የመዝሙረ ዳዊቷ ጠርዝ በአውራ ጣቷ ወዝ ጠቁሮ ነበር። ዓይኗ ከደከመ በኋላ ገጹን የምትገልጠው ለወጉ ነው እንጂ 150ውንም መዝሙር በቃሏ ነው የምትወጣው።

እምነትን የምታወርስ እናት ናት ሲባል ግን ሁሌም ትንሽ ይከነክነኛል። አያትስ? ጳውሎስ እንኳን በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5 ላይ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሳ ከእናቱ ከኤውንቄ አስቀድሞ የጠራው አያቱን ሎይድን ነው። የእኛዋ ደግሞ ስብከት የሚባል ነገር አታውቅም (ቁጣ ግን ታውቅበታለች!)። ቤት ውስጥ የተጣላ ካለ ሳታስታርቅ አትተኛም፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እንኳን አትጠይቅም፣ ሁለታችሁም ተሳሳሙ ብላ ትቆማለች፣ አለቀ።

በነገራችን ላይ የአያትሽን ድምፅ የቀዳችሁት ካለ ለዘመድ ሁሉ አባዙት፣ አንድ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር። እኛ ፎቶ እንጂ ድምፅ የለንም።