አሮጌ ኮድ በእኛ ስም አይጠበቅ

የሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው የስርዓተ ክወናው እምብርት) ገንቢ የሆኑት ኢንጎ ሞልናር በአውሮፓውያኑ 2025 ሚያዝያ ወር 486 ለተባለው አሮጌ የኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሰጠውን ድጋፍ ከከርነሉ ለማስወገድ ያቀረቡት ለውጥ ከብዙ ዓመታት በፊት መቅረብ የነበረበት ነው። ለውጡ ከ14 ሺህ በላይ የኮድ መስመሮችን ይሰርዛል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም ድጋፉን የመተው ጊዜው እንደደረሰ፣ ማንም ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ አንዲት ሰከንድ የልማት ጊዜ የሚያባክንበት እውነተኛ ምክንያት እንደሌለ ጽፈዋል። ነገሩ በዚህ ሊያበቃ በተገባው ነበር። ነገር ግን አሮጌ የሃርድዌር ኮድ ሊነካ ነው በተባለ ቁጥር የሚነሣው ተቃውሞ አሁንም ተነሥቷል፤ በድሃ አገሮች ያሉ ሰዎች አሮጌ ኮምፒውተር ስለሚጠቀሙ ድጋፉ ሲቋረጥ የሚጎዱት እነሱ ናቸው ይባላል። ከነዚህ «ድሃ አገሮች» በአንዱ ተቀምጦ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህን አባባል በትዕግሥት ማለፍ ከባድ ነው።

እስቲ አባባሉን እንመርምረው። 486 ለገበያ የቀረበው በ1989 ነው። የሞልናር ለውጥ ከፕሮሰሰሩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው የፕሮሰሰሩን የጊዜ ምት የሚቆጥረው ቲኤስሲ የተባለ ቆጣሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስምንት ባይት መረጃን ሳይከፋፍል በአንድ ጊዜ የሚያወዳድርና የሚተካ ትእዛዝ ነው። ሁለቱም በ1993 በወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም ላይ ነበሩ። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ፔንቲየም ያለው ሰው እንኳ በዚህ ለውጥ አይነካም። በአዲስ አበባ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በሚሸጡባቸው ሱቆች ደጅ ያረጀ ተብሎ የሚናቀው ኮር ቱ ዱዎ የተባለው ፕሮሰሰር ሲሆን፣ እሱም በ2006 የወጣ፣ ከ486 ጋር ሲነጻጸር ትናንት የተወለደ ማሽን ነው። በሊኑክስ ላይ የተመሠረተው ስርዓተ ክወና ደቢያን በ2017 ባወጣው 9ኛ እትሙ 486ን ቀርቶ የመጀመሪያውን ፔንቲየም እንኳ መደገፍ አቁሟል፤ በዚያን ጊዜ ስለ አፍሪካ ተማሪዎች ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ስለ እኛ እውነተኛ ችግር ማወቅ የሚፈልግ ካለ የመለዋወጫ ዋጋን፣ የመብራት መቆራረጥንና የኢንተርኔት ክፍያን ይጠይቅ። 486ን ዛሬም በፍቅር ጠብቀው የያዙት በሀብታም አገሮች የሚኖሩ የቆዩ ዕቃዎች ሰብሳቢዎች ናቸው። ለእነሱ ደግሞ ቶርቫልድስ በ2022 በቂ መልስ ሰጥተዋል፤ ማሽኖቹ የሙዚየም ዕቃዎች ከሆኑ የሙዚየም ከርነል ቢጭኑባቸው ምንም አይጎድልባቸውም። የቀድሞዎቹ የከርነል እትሞች የትም አይጠፉም፤ ማንም ሰው አውርዶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። የሚቀረው አዲሱን እትም በ1989 ሃርድዌር ላይ የማስነሣት ደስታ ብቻ ነው፤ ለዚህ ደስታ የእኛን ስም መያዣ ማድረግ ነውር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መከራከሪያ ጠንከር ያለ ይመስላል። ኮዱ ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል? የማይጠቀምበት አይጠቀምበት፤ የሚሠራን ነገር መንካት ለምን አስፈለገ? ይህን የሚሉ ሰዎች ከርነልን ዕቃ ተደርድሮ የሚረሳበት መጋዘን አድርገው ያስባሉ። የከርነል ኮድ ግን ተደርድሮ አይረሳም። ስምንት ባይቱን በአንድ ጊዜ የሚተካው ትእዛዝ በ486 ላይ ስለሌለ፣ ከርነሉ ኢንተራፕቶችን (ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጡ ምልክቶችን) ዘግቶ ሥራውን በሶፍትዌር የሚያስመስል ኮድ ይዞ ይዞራል። በሚነሣበት ጊዜም የትኛው ፕሮሰሰር ላይ እንዳለ አጣርቶ የራሱን መመሪያዎች ይለውጣል። ቲኤስሲ ላይኖር ስለሚችል ጊዜን የሚመለከት ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ «ቆጣሪው ከሌለስ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለተኛ መንገድ ማዘጋጀት አለበት። 486ኤስኤክስ የአስርዮሽ ስሌት ክፍል ስላልነበረው ደግሞ፣ ያንን ክፍል በሶፍትዌር የሚተካ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት በከርነሉ ውስጥ እስካሁን ተቀምጧል፤ ከሚሰረዘው ኮድ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እሱ ነው። ሞልናር ራሳቸው እንዳሉት ይህ አሮጌውን ሃርድዌር ከአዲሱ ከርነል ጋር የሚያስማማ ማጣበቂያ ኮድ አልፎ አልፎ ችግር ይፈጥራል፤ ችግሩን ለመፍታት የሚጠፋው ጊዜም ለሌላ ሥራ ሊውል ይችል ነበር።

«የሚሠራ» የሚለው ቃልም ማስረጃ የሌለው ቃል ነው። ማን ፈትሾት ነው የሚሠራው? ቆጣሪ በሌላቸው እንደ 486 ባሉ ማሽኖች ላይ ለዘፈቀደ ቁጥሮች ግብዓት የሚሆነው የጊዜ ምልክት ዘወትር ዜሮ ይመለስ ነበር። የምስጢር ቁልፎች ከሚመነጩባቸው ምንጮች አንዱ ለዓመታት ባዶ ሆኖ ሲቆይ ጉዳዩ በአግባቡ መፍትሔ ያገኘው በ2022 ነው። ማሽኑን በእርግጥ የሚጠቀምበትና የሚፈትሸው ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ ባልወሰደ ነበር። የማይፈተሽ ኮድ እንደሚሠራ የሚታመነው ማንም ስላላየው ብቻ ነው።

ለዚህ ሴት ኤፍኤስ (set_fs) ከተባለው የከርነል ተግባር (ፈንክሽን) የተሻለ ምስክር አላውቅም፤ ስለዚህ በዝርዝር ልናገረው። ከርነሉ ከአንድ ፕሮግራም የማህደረ ትውስታ አድራሻ ሲቀበል፣ አድራሻው የከርነሉ ሳይሆን የፕሮግራሙ መሆኑን ማጣራት አለበት፤ የስርዓቱ ደኅንነት የቆመው በዚህ ፍተሻ ላይ ነው። ሊኑክስ ከ486 በፊት ለነበረው ፕሮሰሰር ለ386 ሲጻፍ ኤፍኤስ ከተባለው የፕሮሰሰሩ ሬጅስተር (ትንሽ የውስጥ ማስቀመጫ) ጋር ተያይዞ የመጣ አንድ አቋራጭ ነበር፤ ከርነሉ ለተጠቃሚ የተጻፉ ተግባራትን ለራሱ መጥራት ሲፈልግ ፍተሻውን ለጊዜው ያጠፋና ሲጨርስ ይመልሰዋል። ሬጅስተሩ ለዚህ ሥራ ማገልገሉን ካቆመ በኋላም አቋራጩ ቀረ፤ ከርነሉ ወደ ሌሎች ፕሮሰሰሮች ሲሄድም አብሮ ሄደ። ፍተሻው በጠፋበት ቅጽበት ከርነሉ ስሕተት ቢያጋጥመው ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መልሱ በ2010 በዓለም አቀፉ የደኅንነት ቀዳዳዎች መዝገብ (ሲቪኢ) ሲቪኢ-2010-4258 ተብሎ በተመዘገበው ተጋላጭነት ታየ። ከርነሉ በስሕተቱ ምክንያት ፕሮግራሙን ሲዘጋ፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ በሰጠው አድራሻ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ ፍተሻው ጠፍቶ ስለቀረ ግን ያ አድራሻ የከርነሉ የራሱ ማህደረ ትውስታ ሊሆን ይችላል። ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ባለቤት የሚሆንበት በር በዚህ ተከፈተ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

የሚያስቆጣው ቀጥሎ የሆነው ነው። በ2010 ቀዳዳው ተደፈነ፤ አቋራጩ ግን አልተነሣም፤ ምክንያቱም በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ቦታዎች ተሰራጭቶ ስለነበርና እሱን መንቀል አዲስ ባሕርይ የማይጨምር፣ ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ስለነበር ነው። የከርነል ገንቢው ክሪስቶፍ ሄልቪግና ሌሎች ቦታ በቦታ እየነቀሉ በ2020 መጨረሻ በወጣው ሊኑክስ 5.10 ከኤክስ86 (386ና 486 ከሚገኙበት የፕሮሰሰር ቤተሰብ) አስወገዱት፤ ከቀሩት ፕሮሰሰሮች ሁሉ የጠፋው ደግሞ በ2022 በወጣው 5.18 ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣች አንዲት አመቺ መንገድ ሠላሳ ዓመት ገደማ ኖረች። «የሚሠራን አትንካ» ማለት በተግባር ይህን ይመስላል።

የፍሎፒ ዲስክ ድራይቨሩም (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው የከርነል ኮድ) እንዲሁ ነው። በ2014 ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች ፍሎፒን በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን በድራይቨሩ ውስጥ የተገኘው ሲቪኢ-2014-1737 የፍሎፒውን መሣሪያ መክፈት የተፈቀደለትን ተራ ተጠቃሚ ወደ ሙሉ ባለሥልጣንነት ሊያሸጋግር የሚችል ነበር። ዕቃው ከጠረጴዛችን ከጠፋ በኋላ ኮዱ ሲጠብቀን ኖሯል።

ጽዳት ራሱ ነገር ያበላሻል የሚሉ አሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ያበላሻል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ታሪኩ በአመዛኙ ወደየት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። በ2011 ቶርቫልድስ በስልኮች ውስጥ የሚገኙት የአርም ፕሮሰሰሮች ኮድ እያንዳንዱ አምራች ለየሰርኪት ሰሌዳው የራሱን ፋይል የሚጨምርበት ውጥንቅጥ ሆኗል ብለው በቁጣ ሲጽፉ፣ ያን ጊዜም ተዉት፣ ይሠራል ያሉ ነበሩ። የሃርድዌሩ ዝርዝር ከኮዱ ወጥቶ ዲቫይስ ትሪ ወደተባለ የተለየ መግለጫ ሲዛወር፣ በ2012 መጨረሻ በወጣው 3.7 አንድ ከርነል በተለያዩ አምራቾች ሰሌዳዎች ላይ መነሣት ቻለ። በ2018 ደግሞ ስምንት የፕሮሰሰር ቤተሰቦች በአንድ ጊዜ ከ4.17 ወጡ፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ መስመር ተሰረዘ፤ ዓለም አልፈረሰችም። 386 ራሱ፣ ሊኑክስ የተወለደበት ፕሮሰሰር፣ በ2013 በወጣው 3.8 ሲሰናበት ቶርቫልድስ ለስሜት ቦታ አልሰጡም። የፈጠሩት ሰው ለመጀመሪያው ማሽናቸው ያላደረጉትን ለ486 የምናደርግበት ምክንያት የለም።

እኔ እንደማምነው 486ን የሚከላከሉት አብዛኞቹ ሰዎች አዲስ ከርነል በ486 ላይ ጭነው አያውቁም፤ ሊጭኑም አያስቡም። የሚከላከሉት ሐሳቡን ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ሌሎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቶርቫልድስ በ2019 የፍሎፒ ድራይቨሩን ወላጅ አልባ፣ ማለትም ጠባቂ የሌለው፣ ብለው ሲመዘግቡት፣ ድራይቨሩን ሲጠብቅ የነበረው ሰው የሚሠራ የፍሎፒ መሣሪያ ስላልነበረው ነበር። ወዲያው አንድ ፈቃደኛ ቀርቦ ኃላፊነቱን በስሙ ተረከበ፤ ኮዱንም ማጽዳት ጀመረ፤ ድራይቨሩም ቀረ። ለ486 የሚቆረቆር ሰው ይህንኑ ያድርግ፤ ስሙን በጠባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባ፣ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ፣ እያንዳንዱ አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት በማሽኑ ላይ አስነሥቶ ውጤቱን ያሳውቅ። እንዲህ ያለ ሰው ካልቀረበ የሞልናር ለውጥ ሳይዘገይ ይግባ።