እርማት፦ የግዛት ታርታን የሚጸድቀው በስኮትላንድ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ታርታን፣ ባለ ቀለም መስመሮች ተሻግረው ስለሚሸመኑበት የስኮትላንድ ጨርቅ፣ ደጋግሞ የሚባል ነገር አለ። «የአሜሪካ ግዛት ታርታን ይፋ የሚሆነው ስኮትላንድ ሲመዘገብ ነው» ይላሉ። በቅንነት እንደተባለ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ይፋ የሚያደርገው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። ዋሽንግተን ግዛትን እንይ። ታርታኑ በሕግ የጸደቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉ ቀለሞቹን ሳይቀር ይዘረዝራል፦ መደቡ አረንጓዴ፣ መስመሮቹ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር። ጥቁሩ የሴንት ሄለንስ እሳተ ገሞራን ፍንዳታ ያስታውሳል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ከዚያ ይኸው ሕግ የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ንድፉን ስኮትላንድ ውስጥ እንዲያስመዘግብ ያዛል። ምዝገባው የመጣው ከሕጉ ነው እንጂ ሕጉ ከምዝገባው አይደለም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዛሬ በስኮትላንድ የታርታን መዝገብ ግለሰብም ከፍሎ አዲስ ንድፍ ማስመዝገብ ይችላል። «ተመዝግቧል» የሚለውን ብቻ አይቶ የግዛት ታርታን ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ሊሳሳት ይችላል።

ማጣራት ለምትፈልጉ፣ የዋሽንግተንን የሕግ ስብስብ ክፈቱና ቁጥር 1.20.110ን አንብቡ። በጣም አጭር ናት። ለሌላ ግዛትም ቢሆን መጀመሪያ የራሱን ሕግና የምክር ቤቱን ውሳኔዎች ፈልጉ።